ዛፍ ለሚቈርጥ ሰው ስለሚገባው የኃላፊነት መድን
(በዓለም ከተማ ለተማሪዎች፥ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት ለትምህርት ቤት የሚስማማ አይመስልም። ነገር ግን ከእናንተ መካከል አባቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ ባሕር ዛፍ እየቈረጠ የሚያድር ተማሪ አለ፤ ደብተሩም ጫማውም የተገዛለት በአጣና ዋጋ ነው። እንጀራችን ከዛፍ የሚወጣ ከሆነ፥ ዛፉ ሳይታሰብ በሰው ላይ በወደቀ ጊዜ ማን እንደሚከፍል ማወቅ ይገባናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጐልማሳ ዛፍ ቆራጭ ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ ወደምሠራበት ክፍል መጣ። ይህ ሰው የማንም ቅጥር አይደለም። ቁም ዛፍ ከገበሬ ይገዛል፥ ወይም በቍርጥ ዋጋ ተዋውሎ ይቈርጣል። የሞተር መጋዝ አለው፤ ሦስት ጐረምሶች በቀን ሒሳብ ገመድ ይስቡለታል፥ ቅርንጫፍ ይመለምሉለታል። በዚያ ሳምንት ከተዳፋት ላይ የቆመ አንድ ረጅም ባሕር ዛፍ ሲጥል ድንገት ነፋስ ተነሣና ዛፉ ከታሰበለት አቅጣጫ ዞሮ በጎረቤት ማድ ቤት ላይ ወደቀ። ቆርቆሮው ተጨፈለቀ፤ ከውስጥ እንጀራ ስትጋግር የነበረች እናትም ጭኗ ተሰበረ። የሰፈሩ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዳት።

ሰውዬውም፥ «ጋሼ፥ አይዘኑ፤ እኔ መድን አለኝ» አለኝና ወረቀቱን ዘረጋው። ተቀብዬ ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። የሥራው ዓይነት በተጻፈበት መስመር ላይ የሚገኘው ቃል «የእንጨት መሸጫ» የሚል ነበር። ስለ ዛፍ ቈረጣ አንድ ቃል እንኳ አልነበረበትም። ለምን እንዲህ ተጻፈ ብዬ ብጠይቀው፥ «ዛፍ መቍረጥ ከተባለ አረቦኑ ይወደዳል ሲሉኝ በርካሹ ይሁንልኝ አልሁ። እንጨትስ እሸጥ የለም?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እንጨት ይሸጣል። ዛፉ የወደቀው ግን በመሸጫው ውስጥ አይደለም። መድን ሰጪውም ይህንኑ ጽፎ መለሰለት። ሁለት በሬዎቹንና የሞተር መጋዙን ሸጦ ከካሣው እኩሌታውን ከፈለ፤ የቀረውን በየወሩ ሊከፍል ተፈራረመ። ያች እናት ዛሬም በምርኩዝ ትሄዳለች። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ነገር ለብዙ ሰው ልናገር ተመኘሁ።

ባሕር ዛፍ ለአገራችን እንግዳ ነበረ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1887 ዓ.ም. አካባቢ፥ በአዲስ አበባ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ባለቀ ጊዜ ከውጭ አገር መጥቶ ተተከለ፤ ከዚያም ወደ ደጋውና ወደ ወይና ደጋው ሁሉ ተስፋፋ። በመርሐ ቤቴም ዛሬ ከቤት ጓሮ እስከ ገደል አፋፍ ድረስ ቆሞ ይታያል። ጠባዩ እንደ ወይራና እንደ ጽድ አይደለም። ቶሎ ያድጋል፥ ወደ ላይ ይረዝማል፤ ከተቈረጠም በኋላ ከጉቶው ብዙ ሆኖ ያቈጠቍጣል። ከአንድ ጉቶ የወጡት እርስ በርሳቸው ሲጋፉ ወደ ውጭ ያዘነብላሉና አወዳደቃቸውን መገመት ያስቸግራል። አገራችን ደግሞ በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች መካከል የተቀመጠች ስለ ሆነች ከአፋፍ የተጣለ ግንድ በወደቀበት አይቀርም፤ እየተንከባለለ ወርዶ ከታች ያለውን ከብትም ሰውም ያገኛል። ስለዚህ የዛፍ ቆራጭ አደጋ በራሱ አንገት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አይደለም።

አባቶች ይህን ነገር ሳያስቡት አልቀሩም። በኦሪት ዘዳግም በ19ኛው ምዕራፍ፥ ሁለት ባልንጀሮች ለእንጨት ወጥተው ሳሉ የምሳሩ ብረት ከእጀታው ወልቆ አንዱን ቢገድለው፥ በቂም ያላደረገው ሰው ከደም ተበቃይ እጅ እንዲያመልጥ የሚሸሽበት ከተማ ተለይቶለታል። በእኛም አገር ሲተረክ የኖረ ፍርድ አለ። አንድ ሰው ከዛፍ ላይ ወድቆ ከሥር በነበረው ሰው ላይ ቢያርፍ የላይኛው ተረፈ፥ የታችኛው ሞተ። የሟች ወገኖች፥ «ካሣ አንቀበልም፥ ደም በደም ይመለስልን» ብለው ጸኑ። ዳኛውም፥ «እንኪያስ ከእናንተ አንዱ በዚያው ዛፍ ላይ ይውጣና በዚህ ሰው ላይ ይውደቅበት» ብሎ ፈረደ ይባላል። ወገኖቹም ጥቂት ተመካክረው ካሣውን ተቀበሉ። ልጆች ይህን ሲሰሙ ይሥቃሉ፤ ነገሩ ግን ከባድ ነው። ደም በካሣ ከተለወጠ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ካሣው ከየት ይመጣል የሚለው ነውና።

ዛሬ የሚሠራበት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጕዳት ያደረሰ እንዲክስ ያዛል። በአንቀጽ 2067 ደግሞ በሥራው የሌላውን አካል የጐዳ ሰው፥ ጥፋት ባይገኝበት እንኳ፥ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ የተጐዳው ሰው በራሱ ጥፋት ካልሆነ ወይም ሕጉ የለያቸው ሌሎች ምክንያቶች ካልተገኙ በቀር። እንግዲህ «ነፋስ ነው ያዞረብኝ» የሚለው ቃል በእግዚአብሔር ፊት ይቅርታ ያስገኝ ይሆናል፤ በዳኛ ፊት ግን ከካሣ አያድንም። የኅሊና ጕዳት ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ሕጉ ወስኗል። ለሕክምናው፥ ለቀረው የሥራ ገቢ፥ ሰው ቢሞትም ለሚስቱና ለልጆቹ መተዳደሪያ የሚፈረደው ግን የሚመዘነው በደረሰው ጕዳት ልክ ነው። ባለጕዳዩም ክሱን ለማቅረብ የ2 ዓመት ጊዜ አለው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር ደግሞ ይህ ነው። «ዛፉ የገበሬው ነው፥ እሱ ይጠየቅ» ይላሉ። ይኸው ሕግ ሥራውን ያሠራው ሰው፥ ሠራተኛው በእርሱ ሥልጣን ሥር ያልሆነና ነጻነቱን ጠብቆ የሚሠራ ከሆነ፥ በሠራተኛው ጥፋት እንደማይጠየቅ ይናገራል። ለራሱ በኮንትራት የሚቈርጥ ሰው፥ መጋዙ የራሱ፥ ሰዓቱ የራሱ፥ አጣጣሉም የራሱ ነውና ኃላፊነቱም የራሱ ነው። በጌትነቱ የሚያገኘውን ትርፍ ለብቻው እንደሚበላ ሁሉ፥ ዕዳውንም ለብቻው ይሸከማል። ገመድ የሚስቡለት ጐረምሶች ግን በእርሱ ትእዛዝ ሥር ናቸው። ከእነርሱ አንዱ በአላፊ ሰው ላይ ጥፋት ቢሠራ ጌታው ይጠየቃል። ከእነርሱም አንዱ በሥራው ላይ ቢጐዳ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156 ጥፋት ኖረም አልኖረም አሠሪውን ኃላፊ ያደርገዋል፤ ፈጽሞ መሥራት ለማይችል ሆኖ ለቀረውም የ5 ዓመት ደመወዙ ያህል እንዲከፈለው ያዛል።

መድን ማለት እንግዲህ ምንድር ነው? ዋስ የሚሆን ሰው በወዳጅነት ይቆማል፤ መድን ሰጪ ግን በዋጋ ይቆማል። ዋጋውም አረቦን ይባላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የመድን ሒሳብ ይኸው ነው። በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፥ ከእነርሱ መካከል አደጋ የደረሰበት ከተዋጣው ይነሣለታል። ዕድርም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ነገር ግን ዕድር እኔ በሞትሁ ጊዜ ለቤቴ የሚደርስ ነው፤ እኔ የጐዳሁትን የጎረቤቴን ጭን አያሳክምም። የኃላፊነት መድን ከዚህ የሚለየው፥ ገንዘቡ እኔ ለበደልሁት ሰው የሚከፈል በመሆኑ ነው።

ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ አዲስ አይደለም። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲንያ ባንክ ለውጭ አገር ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን ይሸጥ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የነበሩት ኩባንያዎች በመንግሥት ተወረሱ፤ በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ፤ በ1986 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቍጥር 86 ደግሞ የግል ኩባንያዎች እንዲሠሩ ተፈቀደ። ዛሬ ሁሉም ፈቃድ የሚወስዱት ከብሔራዊ ባንክ ነው። በተሽከርካሪ ለሚደርስ ጕዳት የሦስተኛ ወገን መድን መግባት በሕግ ግዴታ ስለ ሆነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አጣናውን የሚጭነው የጭነት መኪና ያ ወረቀት አለው፤ ዛፉን የሚጥለው ሰው ግን ማንም ሳያስገድደው ፈልጎ የሚገዛው ነው። ስለዚህም ሰው ይተወዋል።

አሁን ወደ ምርጫው እመለሳለሁ። ወረቀቱን ከመፈረማችሁ በፊት ከሁሉ አስቀድማችሁ የምታነብቡት የገንዘቡን ቍጥር አይሁን፤ የሥራውን ዓይነት የሚናገረውን መስመር ይሁን። መድን ሰጪ አደጋውን የሚመዝነው እናንተ በነገራችሁት ቃል ነው። ዛፍ ትቈርጡ እንደ ሆነ «ዛፍ እቈርጣለሁ» በሉ፤ በሞተር መጋዝ ከሆነም፥ በመኖሪያ ቤት አጠገብና በመንገድ ዳር ከሆነም፥ ከኤሌክትሪክ መሥመር ሥር ከሆነም አትሸሽጉ። እውነቱን መናገር አረቦኑን ከፍ ያደርገዋል፤ መሸሸግ ግን አረቦኑን በከንቱ ያስከፍላል። ከሁለቱ የሚወደደው የትኛው እንደ ሆነ ሁለት በሬ የሸጠውን ሰው ጠይቁ።

ሁለተኛም ወረቀቱ ማንን እንደሚሸፍን መለየት ነው። «የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት» የሚለው መድን ለአላፊ አግዳሚው፥ ለጎረቤቱ፥ ለቤቱና ለከብቱ ነው። በቀን ሒሳብ የሚሠሩትን ጐረምሶች ብዙ ጊዜ አይጨምርም፤ ለእነርሱ የሠራተኞች ጕዳት ካሣ መድን የሚባል ሌላ ወረቀት አለ። የመጋዙ ባለቤት ራሱ ቢጐዳ ደግሞ ሁለቱም አይደርሱለትም፤ ለእርሱ የግል አደጋ መድን ያስፈልገዋል። ሦስቱን ለመግዛት ዐቅም ያነሰው ሰው ከየትኛው ይጀምር ብትሉኝ፥ የእኔ አሳብ ከሌላው ሰው አካልና ከሠራተኞቹ ይጀምር የሚል ነው። የራሳችንን አደጋ ወደን ገብተንበታል፤ ማድ ቤቷ ውስጥ የተቀመጠችው ሴት ግን ከእኛ ጋር አልተዋዋለችም።

ሦስተኛው የካሣው ጣሪያ ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት ልቈይ። ወረቀቱ 200,000 ብር ይላል እንበል። ይህ 200,000 ለእያንዳንዱ አደጋ ነው ወይስ ለዓመቱ በጠቅላላው? ለዓመቱ ከሆነ፥ በጥቅምት በደረሰ አደጋ 150,000 ብር ከተከፈለ በኋላ በግንቦት ለሚደርሰው የሚተርፈው 50,000 ብር ብቻ ነው። የቀረው ከበሬው ይወጣል። ለአካል ጕዳትና ለንብረት ጕዳት ጣሪያው የተለያየ እንደ ሆነም ጠይቁ፤ ለንብረት ሰፊ፥ ለሰው ጠባብ የሆነ ወረቀት ለዛፍ ቆራጭ አይጠቅምም። ደግሞም ከእያንዳንዱ ካሣ ላይ መድን ገቢው ራሱ የሚሸከመው የመጀመሪያ ድርሻ አለ። ይህ ድርሻ 10,000 ብር ቢሆን፥ የተሰበረ አጥርና የሞተ በግ ሁልጊዜ በእናንተ ኪስ ነው ማለት ነው። ትልቁን አደጋ ለመሸፈን ትንሹን ራስ መሸከም ክፉ አይደለም፤ አረቦኑንም ያቀልላል። ክፉው ነገር ይህን ድርሻ ሳያውቁ መፈረም ነው።

ከዚያም «የማይሸፈኑ» ተብለው የተዘረዘሩትን አንብቡ። ፊደላቸው ደቃቅ ነው፤ ዐይን የደከመበት ሰው ተማሪ ልጁን ያስነብብ። ከነዚህ መካከል ታውቆ የተደረገ ጥፋት፥ በውል የተገባ መቀጫ፥ በእጃችሁ ሆኖ የምትሠሩበት ዕቃ ብዙ ጊዜ ይገኛሉ። የኤሌክትሪክና የስልክ መሥመር የተለየ ቃል ተጽፎለት እንደ ሆነም ፈልጉ፤ ዛፍ ሲወድቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚበጠሰው እርሱ ነውና። ሥራችሁ ጀማን ተሻግሮ ወደ ሌላ ወረዳ የሚወስዳችሁ ከሆነ፥ የሥራው ቦታ በወረቀቱ ላይ «ዓለም ከተማ» ተብሎ ብቻ እንዳይወሰን። በመጨረሻም መድኑ የሚጸናው ከየትኛው ቀን እንደ ሆነና አረቦኑ ሳይከፈል የሚጸና ቀን መኖሩን ጠይቃችሁ ደረሰኙን ከወረቀቱ ጋር አስቀምጡ።

ዋጋ ለማነጻጸር ከሁለትና ከሦስት ኩባንያ መጠየቅ ይገባል፤ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ለሌላ ጕዳይ ስትወርዱ የሚሠራ ነው። ወኪል ኩባንያውን ወክሎ ይሸጣል፤ የመድን ደላላ ግን ለገዢው እንዲያፈላልግ የተፈቀደለት ነው። ሁለቱም የሚከፈላቸው ስትገዙ መሆኑን እያሰባችሁ ስሟቸው።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ነገር በአገራችን ልማድና በመድን ውል መካከል ያለውን ግጭት ነው፤ ይህን የሚያስተምር ወረቀት እስከ ዛሬ አላየሁም። በእኛ ዘንድ ሰው የሰው አካል በጐዳ ጊዜ ሳይውል ሳያድር ሽማግሌ ይልካል፤ «አጥፍቻለሁ፥ የፈለጋችሁትን እክሳለሁ» ብሎ ይወድቃል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ደምን ያበርዳል፥ ቂምን ይሰብራል። የመድን ውል ግን ብዙ ጊዜ መድን ገቢው ከመድን ሰጪው ፈቃድ ሳይቀበል ኃላፊነቱን እንዳያምን፥ በካሣም እንዳይዋዋል ይከለክላል። እንግዲህ ሰውዬው ልማዱን ቢጠብቅ መድኑን ያጣል፥ መድኑን ቢጠብቅ ጎረቤቱን ያጣል።

እኔ ያየሁት መንገድ እንዲህ ነው። ሽማግሌ መላክ አይቅር። ሕሙሙን መጠየቅ፥ ስንቅ ማድረስ፥ ቃሬዛ መሸከም፥ ማልቀስም አይቅር። ዛፉ መውደቁን መካድም ነውር ነው፤ የሆነውን ነገር መናገር ብቻውን ዕዳን መቀበል አይደለም። የሚቈየው የገንዘቡ ቍጥርና ፊርማው ነው። ሽማግሌዎቹም፥ «ካሣውን የሚከፍል መድን ሰጪ አለ፥ እርሱ ሳይሰማ ቍጥር ብንቈርጥ የሚጐዳው ተበዳዩ ነው» ብለው ቢያስረዱ የተበዳዩ ወገን ይገባዋል። በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ማስታወቅ ያስፈልጋል፤ ውሉ ለማስታወቂያ የሰጠው ቀን ጥቂት ነውና። ዛፉንም ጉቶውንም ከመነካቱ በፊት ፎቶግራፍ አንሡት፤ ያዩትንም ሰዎች ስም ጻፉ።

መድን ያለው ሰው መጠንቀቅ አይገባውም ማለት ግን አይደለም። ከዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ በሚሆን ዙሪያ ማንም እንዳይቆም ማድረግ፥ በሚወድቅበት በኩል አስቀድሞ አፍ መክፈት፥ ከኋላም ሲቈረጥ ጥቂት እንጨት እንደ ማጠፊያ መተው፥ ነፋስ ባለበት ቀን መጋዙን ማሳረፍ፤ ይህን ሁሉ ሠሪው ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። እኔ የማውቀው ወረቀቱን ነው።

ያ ሰው ባለፈው ዓመት በጥር ወር እንደ ገና መጣ። ዕዳውን ጨርሶ ሌላ መጋዝ ገዝቷል። አዲሱን የመድን ውል ሳይፈርም ይዞት መጥቶ፥ «ጋሼ፥ አሁንስ ያንብቡልኝና ልፈርም» አለኝ። በሥራው መስመር ላይ «ቁም ዛፍ በሞተር መጋዝና በምሳር መቍረጥ፥ መመልመልና መጫን» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት። «በተዳፋት ላይና በመኖሪያ ቤት አጠገብ» የሚል ቃል እንዲጨመርበት መከርሁት። ይህ በተጨመረ ጊዜ አረቦኑ ከፍ አለ። እርሱም ቍጥሩን አየና፥ «ከሁለት በሬ ያንሳል» ብሎ ከፈለ።